በቤት ኮምፒውተር ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ መቅዳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክራር፣ መሰንቆ፣ ከበሮና ዘፋኝ ሳሎን ውስጥ ሰብስባችሁ አንድ ላይ መቅዳት ለምትፈልጉ፣ ሰዎች ደጋግመው ከሚጠይቁኝ የመረጥኳቸው እነዚህ ናቸው።

በአንድ ጊዜ ብዙ ትራክ መቅዳት ማለት ምን ማለት ነው?

ሁሉም አብረው እየተጫወቱ የእያንዳንዳቸው ድምፅ ኮምፒውተሩ ውስጥ ለየብቻው ሲቀመጥ ነው። አራት ሰው፣ አራት ማይክ፣ አራት ትራክ። ቀረጻው ካለቀ በኋላ ከበሮው በዝቶ ከተሰማችሁ ከበሮውን ብቻ ትቀንሳላችሁ። ዘፋኟ ላይ ትንሽ ሪቨርብ (የማስተጋባት ስሜት) ከፈለጋችሁ ክራሩን ሳትነኩ ትጨምራላችሁ።

ስልክ መሀል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መቅዳትም አብሮ መቅዳት ነው። ግን ድምፁ እንደ ሊጥ ተቦክቷል። ዛሬ ድምፅ የሚለያዩ ፕሮግራሞች መጥተዋል። አብዛኞቹ ግን የሚያውቁት የሰው ድምፅ፣ ድራምና ቤዝ ነው። የቀረውን በሙሉ «ሌላ» ብለው አንድ ላይ ይከቱታል። ክራርና መሰንቆ እዚያው ውስጥ ተቃቅፈው ይቀራሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ለይቶ መቅዳቱ ይሻላል።

አንድ በአንድ እየቀዱ መደራረብ አይሻልም? ስቱዲዮዎች እንደዚያ አይደል የሚሠሩት?

ብዙዎቹ እንደዚያ ነው የሚሠሩት። ኪቦርዱ መጀመሪያ ይሠራል፣ ከዚያ ሌሎቹ ተራ በተራ እየገቡ የየድርሻቸውን ይቀዳሉ። መደራረብ አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው ጊታሪስት ሌስ ፖል በ1957 እ.ኤ.አ. ከአምፔክስ ኩባንያ ስምንት ትራክ ያለው የቴፕ ማሽን ያስገባው የራሱን ጊታር በራሱ ላይ ለመደራረብ ነበር። ጥቅሙም ግልጽ ነው። አንድ ጥሩ ማይክ ይበቃል፣ የተሳሳተም ብቻውን ይደግማል። ዘፈናችሁ በኪቦርድ ምት የሚሄድ ከሆነ በዚሁ ቀጥሉ።

የባህል ሙዚቃ ላይ ግን ሐሳቤ ሌላ ነው። ዘፋኟ አንድ ቃል ላይ ድምጿን ስታንቆረቁር መሰንቆ መቺው አይኑን ከከንፈሯ አይነቅልም። ትንፋሽ ልትወስድ ስትል ቀስቱን ያዘገያል። እሷ ስታሳርፍ እሱ ያነሳል። ትዝታ እየተጎተተ ሲዘፈን ምቱ እዚያው በሁለቱ መካከል ነው የሚፈጠረው። ክራሩም የተቃኘው ለዚያን ቀን ጉሮሮዋ ነው። ይህን ሁሉ ነጣጥላችሁ ብትቀዱት እያንዳንዱ ትራክ ልክ ሆኖ ዘፈኑ ግን ሕይወት ያጣል። የእኔ መመሪያ አጭር ነው፤ እየተያዩ የሚጫወቱ ሰዎችን አብራችሁ ቅዱ። ለእነሱ ምላሽ የማይሰጠውን፣ ለምሳሌ በኋላ የሚገባ ቤዝ ወይም ኪቦርድ፣ ለብቻው ደርቡ።

ላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ላይ ማከፋፈያ ሰክቼ ሁለት ሦስት ማይክ ማስገባት አልችልም?

ድምፅ ይገባል፣ ግን ተለይቶ አይገባም። አብዛኛው የላፕቶፕ ቀዳዳ የሚቀበለው አንድ የማይክ ድምፅ ብቻ ነው። ማከፋፈያው ሁለቱን ማይክ አንድ ሽቦ ላይ ያገናኛቸዋል እንጂ ሁለት መንገድ አይሠራላቸውም። ብዙዎቹ ማከፋፈያዎች ደግሞ አንዱ ቀዳዳ ለማይክ፣ ሌላው ለሄድፎን የተሠሩ ናቸው።

የሚያስፈልጋችሁ ብዙ ኢንፑት (የድምፅ መግቢያ) ያለው የውጭ ሳውንድ ካርድ ነው። ሻጮች ኦዲዮ ኢንተርፌስም ይሉታል። በዩኤስቢ ይሰካል፤ የእያንዳንዱን ማይክ ድምፅ ከፍ አድርጎ ወደ ቁጥር ይቀይርና ለየብቻ ለኮምፒውተሩ ያቀብላል።

ስንት ኢንፑት ያለው ሳውንድ ካርድ ልግዛ?

በአንድ ጊዜ የሚሰማውን ቁጠሩና ከተቻለ አንድ ወይም ሁለት ጨምሩበት። ለዘፋኝ፣ ለክራር፣ ለመሰንቆና ለከበሮ አራት ይበቃል። ተቀባዮችና ጭብጨባ ካለ ስድስት፣ ሙሉ ድራም ካለ ስምንት ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው በስሙ ነው። የማይክ ኢንፑቱን ነው መቁጠር ያለባችሁ። ለምሳሌ ፎከስራይት ስካርሌት 18አይ20 ስሙ 18 ቢልም ማይክ የሚሰካበት 8 ነው። የቀሩት በዲጂታል ገመድ ከሌላ መሣሪያ የሚመጡ ናቸው። ስካርሌት 2አይ2 ሁለት አለው። ቤሪንገር ዩኤምሲ404ኤችዲ አራት፣ ዩኤምሲ1820 ደግሞ ስምንት አለው። አዳት የሚባል የብርሃን ገመድ መግቢያ ካለው ወደፊት ስምንት ቻናል ያለው ማስፋፊያ መግዛትና በ48 ኪሎኸርዝ (ድምፁ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ሲለካ) 8 ተጨማሪ ማይክ ማግኘት ትችላላችሁ። በ96 ኪሎኸርዝ ግን ወደ 4 ይወርዳል። ኮንደንሰር ማይክ (ለመሥራት ከካርዱ ኃይል የሚፈልግ ዓይነት) ካላችሁ ካርዱ 48 ቮልት የሚሰጥ መሆኑንም አረጋግጡ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክና ገመድ ይዛችሁ ሂዱ። ያንኑ ማይክ እያዟዟራችሁ ሁሉንም ኢንፑት ሞክሩ። እኔ አንዴ ሁለቱን ብቻ ሞክሬ ገዛሁ። ቤት ስደርስ ሦስተኛው አይሠራም ነበር፤ ሻጩም አልመለሰልኝም።

ዩኤስቢ ያለው ሚክሰር አለኝ። ለምን ሁሉም ድምፅ ተቀላቅሎ ይገባል?

ምክንያቱም ብዙዎቹ ባለ ዩኤስቢ ሚክሰሮች ለኮምፒውተር የሚልኩት ያለቀውን ቅልቅል፣ ግራና ቀኝ ብቻ ነው። ሚክሰሩ 12 ቻናል ቢኖረውም ኮምፒውተሩ የሚያየው ሁለት ነው። ሻጩ «ዩኤስቢ አለው» ሲላችሁ «እያንዳንዱን ቻናል ለየብቻ ይልካል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳውንድክራፍት ሲግኔቸር 12 ኤምቲኬ ይልካል። ቤሪንገር ኤክስአር18 በአንድ የዩኤስቢ ገመድ 18፣ ኤክስ32 ደግሞ 32 ቻናል ያስተላልፋሉ። የምትዘምሩበት ቤተ ክርስቲያን ወይም የምትጫወቱበት አዳራሽ ኤክስ32 ካለው ሌላ ዕቃ መግዛት አያስፈልጋችሁም። ባለሙያውን አስፈቅዳችሁ ላፕቶፕ መሰካት ብቻ ነው።

ያላችሁ ሚክሰር ሁለት ብቻ የሚልክ ከሆነ አንድ ዘዴ አለ። ዘፋኟን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ መሣሪያዎቹን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ አዙሩ። ሶፍትዌሩ ውስጥ ግራና ቀኙን ሁለት ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) ትራክ አድርጋችሁ ቅዱ። ቢያንስ ድምፅና መሣሪያ ተለዩ ማለት ነው።

የትኛውን ሶፍትዌር ልጠቀም?

ለዚህ ሥራ ሪፐር ነው የምመርጠው። ቀላል ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ሳውንድ ካርዱ የሰጠውን ቻናል ሁሉ በአንዴ ይቀዳል። 60 ቀን ያለ ምንም ገደብ መሞከር ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የግለሰብ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ማክ ያላችሁ ጋራዥባንድ በነፃ አላችሁ፤ በአንድ ጊዜ እስከ ስምንት የድምፅ ትራክ ይቀዳል።

ኦዳሲቲ ነፃና ጥሩ ነው፣ ለቃለ መጠይቅና ለኤዲቲንግ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ብዙ ቻናል በዊንዶውስ ለመቅዳት የሚያስፈልገው ኤኤስአይኦ የሚባለው ድራይቨር (ካርዱንና ሶፍትዌሩን የሚያገናኝ ፕሮግራም) በፈቃድ ጉዳይ ምክንያት በተለመደው ኦዳሲቲ ውስጥ ሳይካተት ቆይቷል። ስለዚህ ስምንት ኢንፑት ሰክታችሁ ሁለት ብቻ ሊያሳያችሁ ይችላል። «ካርዱ ተበላሽቷል» ብለው የሚጨነቁ ብዙ ሰዎች ችግራቸው ይህ ነው። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ደግሞ ተዉት። አምስት ሰው ሰብስባችሁ፣ ሁሉም ሞቅ ብሎ እየተጫወተ መሀል ላይ ሲዘጋ ያን ስሜት መልሳችሁ አታገኙትም።

ላፕቶፔ አሮጌ ነው። ስምንት ትራክ ይችላል?

አብዛኛውን ጊዜ ይችላል። መቅዳት ራሱ ለኮምፒውተር ከባድ አይደለም፤ የሚከብደው እንደ ሪቨርብ ያለ ኢፌክት መደርደሩ ነው። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት አንድ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት አካባቢ ይወስዳል። ስምንት ትራክ በሰዓት 4 ጊጋባይት ትንሽ አለፍ ይላል። ይህን ዩኤስቢ 2.0 ያለ ምንም ችግር ይሸከመዋል።

ዋይፋዩን አጥፉ፣ ብራውዘሩን ዝጉ፣ የዊንዶውስ አፕዴት መሀል እንዳይነሳ አቁሙት፣ የባትሪ ቁጠባውንም አጥፉ። ፍላሽ ላይ በቀጥታ አትቅዱ። በምትቀዱበት ሰዓት ኢፌክት አትክፈቱ።

ትራኮቹን እንዴት ነው የማዘጋጀው?

ለእያንዳንዱ ማይክ አንድ ሞኖ ትራክ ክፈቱ። ትራክ 1 ከኢንፑት 1፣ ትራክ 2 ከኢንፑት 2 እንዲቀበል ምረጡ። ከዚያ የሁሉንም ቀይ የመቅጃ ቁልፍ አብሩ። ብዙ ሰው ይህን ይረሳና አራቱም ትራክ ከኢንፑት 1 ሲቀዱ ይገኛሉ። እያንዳንዱን ማይክ በጣታችሁ ነካ እያደረጋችሁ የትኛው ትራክ እንደሚንቀሳቀስ እዩ። ስም መስጠት ከመቅዳት በፊት ነው፤ ፋይሎቹም ያንኑ ስም ይይዛሉ። «ክራር» የሚል ፋይልና «ትራክ 03» የሚል ፋይል ከዓመት በኋላ ስትከፍቱት ልዩነቱ ይገባችኋል።

የድምፅ መጠኑን የምታስተካክሉት ለስለስ ባለው መግቢያ ላይ አይደለም። ዘፈኑ የሚጋልበውን ክፍል እንዲጫወቱላችሁ ጠይቁ። ከፍተኛው ምት በሶፍትዌሩ መለኪያ (ጣሪያው 0 ነው) ከ-12 እስከ -6 ዲቢ መካከል ቢቆም በቂ ነው። ከዚያም ላይ ትንሽ ክፍተት ተዉ፤ ሰው ሲሞቀው ከልምምዱ በላይ ይጮኻል። በ24 ቢት ቀጭን የገባን ድምፅ በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ቀይ ነክቶ የተሰነጠቀውን ግን ምንም አያድነውም።

ዘፋኟ ሄድፎን ላይ ድምጿ ዘግይቶ ይሰማታል። ምን ላድርግ?

ድምፁ ወደ ኮምፒውተሩ ገብቶ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። ይህን የሚወስነው በፈር የሚባለው ቁጥር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በአንዴ የሚያስተናግደው የድምፅ ልኬት ብዛት ነው። በ48 ኪሎኸርዝ 256 ከሆነ ለአንድ ጉዞ 5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ 1024 ከሆነ 21 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። መግቢያና መውጫው ሲደመር ደግሞ ይበዛል። መጀመሪያ የካርዱን አምራች ድራይቨር ጫኑ። ዊንዶውስ በራሱ ያገኘው ይበቃል ብላችሁ አትተዉት።

የተሻለው መላ ግን ካርዱ ላይ ያለው ዳይሬክት ሞኒተር የሚባለው ቁልፍ ነው። ድምፁ ኮምፒውተሩን ሳይዞር ከካርዱ በቀጥታ ወደ ሄድፎን ይሄዳል። ከሶፍትዌሩ የሚመጣውን ሞኒተር አጥፉት፣ አለዚያ ሁለት ጊዜ ትሰማዋለች። እንዲህ ሲሆን በፈሩን 512 ላይ አድርጋችሁ ሳትጨነቁ መቅዳት ትችላላችሁ። ሁሉም ነገር አኩስቲክ ከሆነ እኔ ሄድፎኑን ጨርሶ አስወልቃለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች በጆሯቸው ሲሰማሙ ድምፃቸውን ራሳቸው ይመጥኑታል።

ማይኮቹን የት ላስቀምጥ? የከበሮው ድምፅ ሁሉም ማይክ ውስጥ ይገባብኛል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህን ነው። ውድ ማይክ ከመግዛታችሁ በፊት ወንበር አንቀሳቅሱ።

አብዛኛው ማይክ ከፊቱ ያለውን አጥብቆ ይሰማል፣ ከጀርባው ያለውን ይተዋል። ይህን ተጠቀሙበት። ዘፋኟን ከበሮ መቺው ፊት ለፊት አስቀምጧት። የእሷ ማይክ ወደ አፏ ሲያይ ጀርባው ለከበሮው ይሆናል። እነሱም ይተያያሉ። ክራርና መሰንቆውን በግራና በቀኝ አድርጉ። ማይኩ ከክራሩ 20 ሳንቲ ሜትር ከራቀ ሌላው ማይክ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የርቀቱ ሦስት እጥፍ የምንለው ይህ ነው።

ክራርን ፊት ለፊት ቆዳው ላይ ከማነጣጠር ትንሽ ገደድ አድርጎ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር መያዝ ይጥመኛል፤ የጣቱ ንክኪም የቆዳው ጉምጉምታም አብረው ይገባሉ። ፒክአፕ (መሣሪያው ላይ የተገጠመ ድምፅ ተቀባይ) ያለው ክራር ከሆነ በጃክ ቀጥታ አስገቡት፣ ማይክም ጨምሩለት። መሰንቆ ላይ ማይኩን ወደ ቆዳው አነጣጥሩ እንጂ ወደ ቀስቱ አታስጠጉት። የጭራው ፍግታ በቅርቡ ሲሰማ ጆሮ ይበላል። ለከበሮ ተራ ዳይናሚክ ማይክ (48 ቮልት የማይፈልግ ዓይነት) ከትልቁ ፊት በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይበቃል። ከሥሩ ብርድ ልብስ አንጥፉ፣ አለዚያ ምቱ በወለሉ በኩል ወደ ማይክ መቆሚያዎቹ ይሄዳል።

አዝማሪ ራሱ እየመታ ሲዘፍን ድምፁንና መሰንቆውን ፈጽሞ አትለዩትም፤ አንድ ሰው ነው፣ በመካከላቸው ያለው አንድ ክንድ ነው። አንዱን ማይክ ከደረቱ አካባቢ ሽቅብ ወደ አፉ፣ ሌላውን ከላይ ቁልቁል ወደ መሰንቆው ቆዳ አድርጉ። ሁለቱ ማይኮች ጀርባ ለጀርባ ይሰጣጣሉ። የቀረው ቅልቅል ችግር አይደለም፤ እሱ የክፍሉ ድምፅ ነው።

ክፍሉን ደግሞ አልብሱት። ባዶ የሲሚንቶ ሳሎን ያስተጋባል። ምንጣፍ፣ ሶፋ፣ በር ላይ የተሰቀለ ጋቢ ብዙ ይረዳል። ጣሪያችሁ ቆርቆሮ ከሆነ በክረምት ከሰዓት ቀጠሮ አትያዙ።

አንዱ ቢሳሳትስ? ስህተቱ ሌሎቹም ማይክ ውስጥ ገብቷል።

አዎ፣ የመሰንቆውን ትራክ ብቻ ብትቆርጡ ስህተቱ በዘፋኟ ማይክ ውስጥ በስሱ ይሰማል። ስለዚህ አንዱን ለብቻው አትጠግኑ። ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሦስት ጊዜ ቅዱ። ከዚያ ሁሉንም ትራኮች በቡድን አስራችሁ አንድ ቦታ ላይ ቁረጡና ከሁለተኛው ቅጂ ያንን ስንኝ ሙሉውን አስገቡ። የከበሮ ምት ልክ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ብትቆርጡ መገጣጠሚያው አይታወቅም።

ዘፋኟ ግጥሙ ላይ ትሳሳታለች የሚል ስጋት ካላችሁ ከበሮውን ቀጣዩ ክፍል አስገቡና በሩን ክፍት ተዉት። ተያይተው መጫወት ይችላሉ፣ ቅልቅሉ ግን በብዙ ይቀንሳል።

እምምም የሚል ድምፅ ይገባል። መብራት ቢጠፋስ?

ያ ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከመብራት መስመሩ የሚመጣው 50 ኸርዝ ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና አዳምጡ። ከጠፋ ምንጩን አገኛችሁት፤ በባትሪ ቅዱ። ካልጠፋ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ሶኬት በአንድ ማከፋፈያ አገናኙ። ረጅም የጃክ ገመድ ጩኸት ይሰበስባል፤ ለኪቦርድና ለጊታር ዲአይ ቦክስ (የጃክ ድምፅን ለማይክ ገመድ የሚያመቻች ሳጥን) ተጠቀሙ። የመሬት ሽቦ መቁረጥን ግን አትሞክሩት፤ በማይክ በኩል ዘፋኙን ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል።

መብራትን በተመለከተ፣ ላፕቶፑ ባትሪ አለው ብላችሁ አትዘናጉ። ሁለት ኢንፑት ያላቸው ትናንሽ ካርዶች በዩኤስቢ ኃይል ይሠራሉ። ስምንት ኢንፑት ያላቸው ግን የራሳቸውን ኃይል ይፈልጋሉ፤ መብራት ሲሄድ እነሱም ይሄዳሉ። ለካርዱ ብቻ የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ይበቃል። መቅዳት ከመጀመራችሁ በፊት ፕሮጀክቱን ሴቭ አድርጉ። ድምፁ እየተቀዳ ዲስኩ ላይ ስለሚጻፍ እስከተቋረጠበት ያለው አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል።

ከበሮውን በሁለት ማይክ ቀዳሁት። ለየብቻ ጥሩ ናቸው፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ቀጠነ። ለምን?

ሞገዶቹ እርስ በርስ ስለሚጠፋፉ ነው። አንዱን ፊት ስትመቱት ቆዳው ከማይኩ ይሸሻል። በዚያው ቅጽበት በሌላ በኩል ያለው ቆዳ ወደ ራሱ ማይክ ይገፋል። አንዱ ሲጎትት ሌላው ይገፋል፤ ሲደመሩ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ከሁለቱ በአንዱ ትራክ ላይ ክብ ውስጥ ሰያፍ መስመር ያለበትን ቁልፍ ተጫኑ። ድምፁ ወዲያው ይሞላል። ካልሞላ ወደ ቦታው መልሱት።

ሌላው ምክንያት ርቀት ነው። ድምፅ በአንድ ሚሊ ሰከንድ የሚሄደው 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ማይክ በቅርብ፣ ሌላው በሩቅ ሲሆን ያው ምት ሁለት ጊዜ ይደርሳል። ከመቅዳታችሁ በፊት ሁለቱን በሞኖ ደምራችሁ አዳምጡ፣ አንዱንም በጣት ስፋት እያንቀሳቀሳችሁ ወፍራሙን ቦታ ፈልጉ። ይህ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ በሚክሲንግ ጊዜ ግን ግማሽ ቀን ያተርፍላችኋል።

ሁለት ሳውንድ ካርድ፣ ወይም ካርድና ስልክ አንድ ላይ መጠቀም እችላለሁ?

ዊንዶውስ ላይ በኤኤስአይኦ የሚሠራ ሶፍትዌር በተለምዶ የሚይዘው አንድ ካርድ ነው። ማክ ላይ ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ በሚባለው ፕሮግራም ሁለቱን አንድ ማድረግ ይቻላል። የሰዓት መዛባት ማስተካከያውን ምልክት ማድረግ ግን አትርሱ። ብዙ የዩኤስቢ ማይክ አንድ ላይ መሰካትም ያው ችግር አለበት፤ እያንዳንዱ ማይክ ራሱን የቻለ ካርድ ነውና።

ችግሩ ምንድነው? እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ሰዓት አለው፤ ሁለት ሰዓት ደግሞ እኩል አይሄድም። ልዩነቱ ከሚሊዮን 20 ብቻ ቢሆን እንኳ በአምስት ደቂቃ ዘፈን 6 ሚሊ ሰከንድ፣ በአንድ ሰዓት 72 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። አንድ የሠርግ ዋዜማ ምሽት ዘመዶቼ ሲጫወቱ በካርድና በስልክ ቀድቼ ነበር። መጀመሪያው ላይ ጭብጨባው አንድ ነው። መጨረሻ አካባቢ እያንዳንዱ ጭብጨባ ሁለት ሆኖ ይሰማል። ሁለቱ ካርዶች በአዳት ወይም በሌላ ዲጂታል ገመድ ከተያያዙና አንዱ የሌላውን ሰዓት እንዲከተል ከተደረገ ይህ አይደርስም። ስልክ ብቻ ካላችሁ ግን መጀመሪያም መጨረሻም ላይ ጠንከር አድርጋችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። የመጀመሪያውን ጭብጨባ ግጠሙና መጨረሻው እስኪገናኝ የስልኩን ትራክ በጥቂቱ ሳቡት።

ዘፋኟ ዋሽንግተን ናት፣ እኛ አዲስ አበባ። በኢንተርኔት አብረን እየተጫወትን መቅዳት እንችላለን?

አትችሉም፤ ምክንያቱ ደግሞ የኢንተርኔት ጥራት ብቻ አይደለም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ገመዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ለአንድ መንገድ 55 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ እውነተኛው መስመር ደግሞ ጠማማ ነው። ሙዚቀኞች ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ ሲያልፍ እርስ በርስ መጠባበቅ ይጀምራሉ፣ ዘፈኑም እየተጎተተ ይሄዳል።

የሚሠራው በዙር መሥራት ነው። መጀመሪያ ከበሮና ክራር አዲስ አበባ ላይ አብረው ይቀዱ። ዘፈኑን የሚያውቅ ሰው በሌላ ክፍል ሆኖ ለመምሪያ ይዝፈንላቸውና በሄድፎን ይስሙት፤ እዚያው አጠገባቸው ከዘፈነ ድምፁ በክራሩ ማይክ ገብቶ ይቀራል። መጀመሪያ ላይ አራት ጭብጨባ አስገቡና በ48 ኪሎኸርዝ ዋቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) አድርጋችሁ ላኩላት። በቴሌግራም ከሆነ በፋይል መልክ እንጂ በድምፅ መልእክት አይሁን፤ የድምፅ መልእክት ጥራቱን ይቀንሰዋል። እሷም የራሷን ድምፅ ብቻ፣ ያለ ሪቨርብ፣ ከአራቱ ጭብጨባ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሳትቆርጥ ትላክላችሁ።

መሰንቆውን ለመጨረሻ አቆዩት። ድምጿ ሲደርስ መሰንቆ መቺውን ጥሩት፣ ሄድፎን ስጡትና ሁለት ሦስት ጊዜ ዝም ብሎ እንዲሰማት ተዉት። የት እንደምትተነፍስ ሲያውቅ ያኔ ቀይዋን ቁልፍ ተጫኑ።